መሬት ያላገኘች ሽቦ

የእህቴ ባል ሽመልስ ፈሪ ነው። ይህን ስል ሰው እያማሁ አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። «አዎ ፈሪ ነኝ። ደፋሮቹ አብሮ አደጎቼስ የታሉ?» ብሎ አፍ ያስይዛል። እኔ ደግሞ ፈሪ አልወድም። ሰው አንዴ ለሚኖርባት ዓለም ምን እንዲህ ያንቀጠቅጠዋል እላለሁ። ያም ሆኖ እህቴን ገላነሽን ካገባ ጀምሮ ከእሱ የቀረበ ጓደኛ የለኝም፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ሸዋ በር አጠገብ ፀጉር ቤት ነበረው። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሲያንሸራትት ኖሮ አንድ ደንበኛ አድምቶ አያውቅም፤ ከጥበቡ ይልቅ ከፍርሃቱ ነው። ጢም ሲላጭ ትንፋሹን ይይዛል። እኔ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ «ተንፍስ እንጂ ሰውዬ፣ ልትሞትብኝ ነው» እለው ነበር። ቤቱን በሁለት ጓጉንቸር ይቆልፋል፣ ከዚያ በሩን ገፋ ገፋ ያደርጋል፣ መንገድ ከጀመረ በኋላም ተመልሶ ይገፋዋል። ባጃጅ ከተሳፈረ እስኪወርድ ድረስ ከንፈሩ ለጸሎት ይንቀሳቀሳል። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ሲባል የሰማሁት ስለ እሱ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚፈራው ግን ኤሌክትሪክ ነው። ለዚህኛው እንኳ ምክንያት አለው። አባቱ ሻይ ቤት ነበራቸው፤ ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጠ ሸክላ ማጫወቻ ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን ይውላል። ሽመልስ ልጅ ሳለ የገባችበትን ኳስ ሊያወጣ እጁን ከማጫወቻው ጀርባ ሰደደ፤ ኤሌክትሪኩ ያዘው። አባቱ በዱላ መትተው አላቀቁት። «ልጮህ ፈልጌ ድምፄ እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው» ይለኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ከዚያ ወዲህ ገመድ ካየ ዞሮ ያልፋል። የኤሌክትሪክ የፀጉር ማሽን ሲመጣ እሱ በእጅ መቁረጫው ቀረ፤ ወጣቶቹ አንድ በአንድ ጥለውት ሄዱ፤ በመጨረሻ ፀጉር ቤቱን ዘጋ።

የሚኖረው በጥንቱ የከተማ ግንብ በጀጎል ውስጥ፣ ከአያቱ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ቤት ነው። ግንብ የሚለያቸው ጎረቤቱ እትዬ ዘምዘም ናቸው። እሳቸው ለዚያ ቤት ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ሽመልስ የትምህርት ቤት ልጅ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬም ሽበቱን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ «አንተ» ይሉታል። የውሃ ቧንቧው የጋራ ነው፤ መክፈቻው ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በእሳቸው ግቢ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በመጣ ቀን እትዬ ዘምዘም ይቀዱና ጀሪካኑን ግንቡ ላይ ያስቀምጡለታል፤ እሱ ከወዲህ ያነሳል። እጅ በእጅ አይቀባበሉም። ዉዱእ ካደረጉ በኋላ ባዕድ ወንድ ከነካቸው ለሶላት እንደገና መታጠብ ስላለባቸው፣ ሽመልስ በዚህ ሁሉ ዘመን ጣታቸውን ነክቶ አያውቅም። ሰላምታቸውም፣ መጠያየቃቸውም፣ ወሬያቸውም በግንቡ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የሽመልስና የገላነሽ ተከራይ በነበረው በመምህር ብሩክ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር፤ ሲዛወር ሸክላ ማጫወቻውንና አሮጌ አምፕሊፋየሩን «ጋሽ ሽመልስ፣ ይሄ ለእርስዎ ነው» ብሎ ትቶለት ሄደ። ሽመልስ ከአባቱ የወረሳቸው ሸክላዎች አልጋ ሥር በጨርቅ ተጠቅልለው ነበሩት። ማጫወቻውን ለብዙ ቀን ከበሩ ላይ ሆኖ ሲያየው ሰነበተ። በመጨረሻ እኔን አስጠርቶ «ስፒናውን አንተ ሶኬቱ ላይ ሰካልኝ» አለኝ። ሰካሁለት። መርፌዋ ሸክላው ላይ ስታርፍ ከዘፈኑ በፊት ጉምጉምታ መጣ፤ ከሩቅ እንደሚሰማ የወፍጮ ቤት ሞተር ያለ፣ የማያቋርጥ። ዘፋኙ ከጉምጉምታው ሥር ሆኖ ይታገላል። ሽመልስ ሊያጠፋው እጁን ሲሰድ የአምፕሊፋየሩን የብረት ሳጥን በጣቱ ነካና ዘሎ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ነዘረኝ!»

እኔም ነካሁት። እሱ ባዶ እግሩን ሲሚንቶ ላይ ቆሟል፣ እኔ ጫማ አድርጌያለሁ፤ ለዚህ ይሁን አይሁን ጥቂት ቆንጠጥ አደረገኝ እንጂ ሌላ አልተሰማኝም። «ይሄ ነው ታዲያ?» ብዬ ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም። የገረመኝ ማግስቱን ነው። ዕቃውን ይጥለዋል ስል ሐምዛ ሱቅ ካልሄድን ብሎ ነዘነዘኝ። የአባቱን ሻይ ቤት ድምፅ በጉምጉምታው ሥር ሰምቷል፤ ከዚያ በኋላ ሊተወው አልቻለም።

ሐምዛ ከሸዋ በር ገበያ አፍ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን፣ ገመድና ስፒከር የሚሸጥ ሰው ነው።

«ወፍራምና ረጅም ገመድ ስጠኝ» አለው ሽመልስ ገና ከመግባቱ። «ማጫወቻው ከሶኬቱ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ። እኔም ከእሱ ራቅ ብዬ።»

ሐምዛ ሳቀ። «አቦ እንደሱ አይደለም፣ ጋሽ ሽመልስ። ከማጫወቻው የሚወጣው ድምፅ ሹክሹክታ ነው። ገመዱ በረዘመ ቁጥር በመንገድ ጉምጉምታ ይለቅማል። አጭር ይሁን፤ ከመብራት ገመድ ጋርም አብሮ አይተኛ። ደግሞ ውፍረቱን ትተው ውስጡን ይዩ።» ሁለት ገመድ በምላጭ ሰነጠቀ። የአንደኛው ሆድ ሁለት ከሲታ ሽቦ ብቻ ነው። የሁለተኛው መሀሉ ላይ አንድ ሽቦ፣ ዙሪያውን ደግሞ ቀጫጭን መዳብ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖበታል። «ይቺ የተጎነጎነችው ጋሻው ናት። ከውጭ የሚመጣውን እሷ ትቀበላለች፤ ዘፈኑ በውስጥ በሰላም ያልፋል።»

ሽመልስ ጋሻ የሚል ቃል ሲሰማ ፊቱ በራ። ባለ ጋሻውን፣ አጭሩን መረጠ።

«ከማጫወቻው ጀርባ ደግሞ የምትንጠለጠል ቀጭን ሽቦ አለች አይደል?» አለ ሐምዛ። «እሷን መሬት ያስይዟት። መሬት ካልያዘች የፈለጉትን ገመድ ቢገዙ ጉምጉምታው አይለቅዎትም። የሚነዝረውን ሳጥን ግን ያምጡልኝና ልየው።»

«መሬት ላስይዛት» አለ ሽመልስ ቃሉን እያላመጠ። የሳጥኑን ነገር የሰማ አልመሰለኝም፤ ሐሳቡ መሬት የምትለው ቃል ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር።

እኔ በማግስቱ ለለቅሶ ወደ ገጠር፣ ወደ ሶፊ ስለሄድኩ ሥራውን ቆሜ አላየሁትም። ኋላ ራሱ እንደነገረኝ መሬት ሲፈልግ ዋለ። የቤቱ ወለል ሲሚንቶ፣ ግቢው ድንጋይ ንጣፍ፣ አጥሩ ግንብ ነው፤ ለአንድ ችግኝ የሚበቃ አፈር የለውም። ወደ መሬት የሚወርድ አንድ ነገር ብቻ አየ፤ በግንቡ ላይ የሚያልፈውን የውሃ ቧንቧ። መጀመሪያ ቀጭኗን ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለች ብሎን ጋር አሰራት። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ፈሪ ስለሆነ ግን አላቆመም፤ ለበለጠ ጥንቃቄ ከዚያችው ብሎን ሌላ ረጅም ሽቦ በመስኮት አውጥቶ ቧንቧው ላይ ጠመጠመና በፒንሳ አጠበቀው። ከዚያ የላስቲክ ጫማ አጥልቆ፣ የእንጨት በርጩማ ላይ ወጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳጥኑን በአንድ ጣት ነካ። አልነዘረውም።

ከሶፊ ስመለስ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ ቆየኝ። ጉምጉምታው የለም። ከበሮው፣ ክራሩ፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል። ሽመልስ ወንበሩን ሳይነቀንቅ ተቀምጧል። ውጭ ሞተር ሳይክል ሲያንባርቅ እንኳ አልደነገጠም፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «መሬት ይዟል» አለኝ በኩራት። ስፒናውን መንቀልም ተወ። ከግንቡ ወዲያ እትዬ ዘምዘም «ሽመልስ፣ ያቺን ድገማት!» ይሉታል፣ ይደግምላቸዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። ሰውዬው ከፍርሃቱ የሚያርፍበት ቦታ አገኘ አልኩ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ወደ እኩለ ቀን ገደማ ለማጫወቻው ትርፍ መርፌ ልንጠይቅ እኔና እሱ ሐምዛ ጋ ሄድን። ገላነሽ ድሬዳዋ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ስለነበር ቤቱን ቆላልፎ ነው የወጣው።

«ጉምጉምታውስ?» አለ ሐምዛ።

«ድራሹ ጠፋ! እንዳልከኝ መሬት አስያዝኩት።»

«ጎበዝ። ብሎኗ ላይ ነው አይደል ያሰሩት?»

«ብሎኗም ላይ፣ ቧንቧውም ላይ።»

ሐምዛ የያዘውን ካቻቢቴ አስቀመጠ። «የምን ቧንቧ?»

«የውሃው ነዋ። መሬት ያስይዟት አላልከኝም?»

«ያ አላህ! ጋሽ ሽመልስ፣ እኔ መሬት ያልኩት ያቺኑ ብሎን ነው እኮ። በእኛ ሥራ ብሎኗ ናት መሬት የምትባለው። የእርስዎ ቧንቧ ደግሞ መንገዱ የተቆፈረ ጊዜ ከሥር በፕላስቲክ ተቀይሯል። ብረቱ ግንብ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ እንጂ መሬት አይነካም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳጥኑ ይነዝር አልነበር?»

«አሁን አይነዝርም። ሞክሬዋለሁ። የላስቲክ ጫማ አድርጌ፣ በርጩማ ላይ…»

አልጨረሰውም። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ያን ቀን ያልነዘረው ጫማውና በርጩማው ስለከለሉት ነው።

«ታዲያ ንዝረቱ የት ሄደ?» አለ ሽመልስ።

«የትም አልሄደም። ቧንቧው ላይ ነው ያለው። የመብራት ገመዱ ሳጥኑ ውስጥ ተልጦ ከሆነማ… ስፒናው ተነቅሏል?»

አልተነቀለም። መሬት ይዟል ተብሎ ተትቷል። ሽመልስ አፉን ከፍቶ ሐምዛን ሲያይ፣ ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠሉ ሴቶች በሱቁ በር እየተጠራሩ ሮጡ። «ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!»

ሩጫውን እንዴት እንደጀመርነው አላስታውስም። ሽመልስ ከፊቴ ነበር፤ ያ ድንጋይ ላይ ሲራመድ እንኳ እግሩን የሚመርጥ ሰው የቲማቲም መደብ ዘሎ አለፈ። እኔ እየሮጥኩ ወደ እትዬ ዘምዘም ልጅ ወደ ናፊያ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ። ይጠራል። እሳቸው ራሳቸው ስልክ የሚባል ነገር አይዙም። «አንሺ በናትሽ፣ አንሺ» እያልኩ ከሰው ጋር ተጋጨሁ፣ ሰውየው ሰደበኝ፣ ስድቡን ጥዬው ሄድኩ።

«መብራት ጥፋ!» ይላል ሽመልስ ከፊቴ። «አምላኬ፣ መብራት አጥፋ!» ሌላ ቀን በየሰዓቱ የምናማርረውን መብራት መጥፋት በየሱቁ ውስጥ በዓይናችን ፈለግነው። አንዱ ሱቅ አምፖል አብርቷል። የሌላው ቴሌቪዥን ይለፈልፋል። ፍሪጁ፣ ማራገቢያው፣ ሁሉም ይሠራል። ቀጭኑ መንገድ ውስጥ እንደገባን ደግሞ ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የቀትር ሶላት ጥሪ፣ የዙህር አዛን ተነሳ። ያን ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያን ዕለት አስፈርቶኝ አያውቅም። ማጉያው ከሠራ መብራት አለ። አዛን ከተባለ ደግሞ እትዬ ዘምዘም ሊታጠቡ ወርደዋል፤ ባዶ እግራቸውን፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ሽመልስ ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ግን ለራሱ ነበር። አሁን የሚሮጥበት ነገር በፍርሃቱ ውስጥ ጨርሶ ያልነበረ ነው። ያን ጣቱን የነዘረውን ነገር ከራሱ ላይ አንስቶ፣ በግንብ ላይ አሻግሮ ለጎረቤቱ ሰጥቷል። እኔ ደፋሩ ደግሞ ግንብ እየተደገፍኩ ነበር የምከተለው።

በሮቹ ጎን ለጎን ናቸው። ሽመልስ ቁልፎቹን ወደ እኔ ወረወረና «ክፈትና ንቀለው!» ብሎ በእትዬ ዘምዘም ክፍት በር ገባ። እኔ የመጀመሪያውን ጓጉንቸር ያዝኩ። ቁልፉ ቀዳዳውን አልፎ ብረቱን ይቧጥጣል። ከወዲያ ግቢ «እትዬ!» የሚል ጩኸት ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማም። ቧንቧው ውስጥ አየር ሲያፏጭ ብቻ ይሰማል፤ ውሃ ሊመጣ ሲል እንደሚያደርገው። ለምን አይጮህም? ለምን አይጠራቸውም? ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ድንጋይ ላይ ሲወድቅ፣ የላስቲክ ሳፋ ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለ።

ሁለቱንም ቀድሜ ሞተው አየኋቸው። ቁልፉን ጥዬ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም።

ሁለቱም ንጣፉ ላይ ወድቀዋል። ሽመልስ ከሥር፣ እትዬ ዘምዘም በላዩ ተንጋለው፤ የእጅ አንጓቸውን በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ የለውም።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ እትዬ ዘምዘም። «ይሄ ሰውዬ አበደ እንዴ? ያዙልኝ!»

ሕያው ናቸው። እኔም እዚያው ቁጭ አልኩ።

ሐምዛ እያለከለከ ደረሰ። ማንንም ሳያናግር ከኪሱ ቴስተሩን አወጣ፤ ያቺን ጫፏ መብራት ሲነካ ውስጧ የምትበራ ትንሽ ካቻቢቴ። ቧንቧው ላይ አሳረፋት። በፀሐዩ ውስጥ እንኳ ቀይ መብራቷ ጎልታ በራች። «ማንም እንዳይጠጋ» ብሎ ቁልፎቹን ከበሩ ሥር አንስቶ፣ ቤቱን ከፍቶ ገባ። ስፒናውን ነቅሎ ተመለሰና ቴስተሯን ደግሞ አሳረፈ። አልበራችም።

ሽመልስ ያኔ ነው የያዘውን እጅ ያየው። እንደ ተቃጠለ ሰው ለቀቀው። «ይቅርታ እትዬ… ዉዱእዎን…»

«ገና አልጀመርኩም» አሉ ቀሚሳቸውን እያስተካከሉ። ክርናቸው ተልጧል። ሌላኛው እጃቸው ውስጥ ከመኪና ጎማ የተቆረጠች ቁራጭ አለች፤ ውሃ ያንጠባጥብባታል።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ ሐምዛ።

«መክፈቻዬ ናታ። ቧንቧው ይነክሳል እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ሐምዛ።

«ያ የሽመልስ ጉምጉምታ ከጠፋ ጀምሮ» አሉ እትዬ ዘምዘም። «የመጀመሪያ ቀን ወላሂ እስከ ትከሻዬ አደነዘዘኝ። ከዚያ ይቺን ቆረጥኩና በእሷ እከፍታለሁ። ናፊያንም ልጆቹንም አትንኩ ብያለሁ፣ እኔው ነኝ የምከፍተው። ዛሬ ሳፋው ውስጥ ወድቃ ረጥባብኝ ላራግፋት ስል ይሄ ከየት መጣ ሳልለው ጣለኝ።»

ሐምዛ የረጠበችውን ጎማ አየ፣ የእትዬ ዘምዘምን ባዶ እግር አየ፣ ፊቱን አዞረ።

«ከእኔ ቤት እንደሚመጣ ያውቁ ነበር?» አለ ሽመልስ። ድምፁ ገና መመለሱ ነው፤ የእሱ አይመስልም።

«ሽቦህ በግንቡ ላይ ሲያልፍ አያለሁ፤ ዓይኔ አልታወረ።»

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም? ሊሞቱ ነበር እኮ! በግንቡ ላይ አንድ ቃል ቢሉኝ ምን ነበረበት? ለምን?»

እትዬ ዘምዘም ልጅ የማይረባ ነገር ሲጠይቅ እንደሚያዩት አዩት።

«እንዴት ብዬ ልንገርህ? ትፈራለህ ብዬ ነዋ።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሽመልስ ግን ከእሳቸው ላይ ዓይኑን አላነሳም። እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ነበር፤ አልጠረገውም።

«እትዬ» አለ፤ «ከእንግዲህ ያስፈሩኝ።»